ሦስት ወንበር ለአንድ እሺታ

አሮጌ ወንበር እወዳለሁ። ጎረቤቶቼ አዲስ ሶፋ ባስገቡ ቁጥር እኔ የሰው ውራጅ እየጎተትኩ በራቸው ላይ ሳልፍ፣ "መምህርት፣ ዛሬ ደግሞ ምን አገኘሽ?" ይሉኛል። ለምዶብኛል፤ አልቀየምም። እነሱ ሶፋቸውን በሦስት ዓመት ሲጥሉ እኔ የማስገባው ቀድሞም የተጣለ ስለሆነ መልሼ የምጥልበት ምክንያት የለኝም።

ይህን አመል የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ጅማ ውስጥ አናጢ ነበር። በር ይሠራል፣ መስኮት ይሠራል፣ ቁም ሣጥንም ሲያዙት እምቢ አይልም፤ ልቡ ግን ወንበር ላይ ነበር። ሰው ቤት ስንሄድ የሚያደርገው ነገር ያሳፍረኝ ነበር። ሰላምታው እንዳለቀ "ተቀመጥ" የተባለበትን ወንበር አንስቶ ይገለብጠዋል። ከሥሩ በጣቱ ይዳብሰዋል፣ መገጣጠሚያውን ያሸታል፣ ከዚያ በኋላ ነው መልሶ አስቀምጦ የሚቀመጥበት። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ "እንግዳ ሆነህ መጣህ ወይስ ገማች?" እያለች ትቆጣው ነበር። እሱ ግን ወደኔ ዞር ይልና፣ "ከላይ ሲያዩት ሁሉም ወንበር ቆንጆ ነው። ሥራው ያለው ከሥር ነው" ይለኛል።

ከልጅነቴ የማልረሳው ሌላ ነገርም ከመቀመጥ ጋር የተያያዘ ነው። ለታላቅ እህቴ ሽማግሌ የመጣ ቀን፣ ሦስት ሰዎች ግቢያችን ውስጥ ቆመው ቀሩ። በእኛ ወግ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ አይቀመጥም። ጉዳዩን ቆሞ ይናገራል፣ መልሱንም ቆሞ ይጠብቃል። እናቴና እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆነን እናይ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ ጉልበቱን አሞት ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር አስታውሳለሁ፤ አንጀቴን በልቶኝ ነበር። አባቴ ብዙ ካሰበ በኋላ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ "ተቀመጡ።" ያቺ ቃል "እሺ" ማለት ነበረች። እናቴ ከጎኔ እልልታዋን ስታቀልጠው ጆሮዬ ሊፈነዳ ደረሰ።

እኔ ጋምቤላ የገባሁት ክልሉ ክልል በሆነ ሰሞን፣ ለማስተማር ተመድቤ ነው። ያኔ የየመሥሪያ ቤቱ ታፔላ በየሳምንቱ ይቀየር ነበር። ትናንት ጽሕፈት ቤት የነበረው ዛሬ ቢሮ ሆኖ ያድራል። ለየቢሮው ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና አዳዲስ ወንበሮች ይመጡ ነበር፤ ስፖንጅ ያላቸው፣ በፕላስቲክ የተጠቀለሉ። ፕላስቲኩን መቅደድ ወንበሩን ማስረጀት ስለሚመስል ማንም አይነካውም። በዚያ ሙቀት ባለጉዳይ ፕላስቲክ ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ቆይቶ ሲነሳ ወንበሩም አብሮት ሊነሳ ይሞክራል። እኔም ለደመወዝ ጉዳይ ስሄድ ስንት ጊዜ ቀሚሴን ከዚያ ፕላስቲክ ላይ እንደላጥኩ አልነግራችሁም።

እጮኛዬን የተዋወቅኩት አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ ሚዛን ላይ ነው። እጮኛዬ ልበለው እንጂ ያኔ ገና ማንም አልፈቀደልንም። እዚያው ሠራተኛ ነበር። አውሮፕላኑ ትንሽ ስለነበረ ከሻንጣው ጋር ሰውም ይመዘናል። ሌላው ሠራተኛ ኪሎውን ለአገር ምድሩ እንዲሰማ አድርጎ ነው የሚጠራው። እሱ ግን የኔን አየና ዝም ብሎ ጻፈ፤ ቀና ብሎም ፈገግ አላለም። ጅማ እስክደርስ ስለዚያ ሰው ሳስብ ሄድኩ። በኋላ በኋላ ሳውቀው አኙዋ ነው፣ ፕሮቴስታንት ነው፣ አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት አጎቱ ነው ያሳደገው። እኔ የጅማ ልጅ፣ የኦርቶዶክስ አናጢ ልጅ። የሆነውን ሁሉ ጽፌ ለአባቴ ላክሁለት።

የአባቴ መልስ አጭር ነበር። "ሰውየውን አልጠላሁትም፤ አላውቀውም። የምትኖሪበትን ቤት በዓይኔ ሳላይ እሺም እምቢም አልልም። እመጣለሁ። ወገኖቹ እዚያው አንቺ ቤት መጥተው ይናገሩኝ።" ሽማግሌ የሚሄደው ወደ ልጅቷ አባት ቤት ነበር፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን አባቴ ብዙ ነገር በራሱ መንገድ ማድረግ ጀምሯል። እኔና እጮኛዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብነው። አባቴ እምቢ ካለ እንደማላገባ ለእጮኛዬ ቀደም ብዬ ነግሬው ነበር። እናቴን ቀብሬ አባቴን ደግሞ በቁሙ ላጣው አልችልም። እሱም "አውቃለሁ" አለኝ።

ያን ጊዜ ቤቴ ውስጥ የነበረው አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና የተማሪ አግዳሚ ወንበር ነው። አባቴ መጥቶ አግዳሚውን ሲገለብጠው ታየኝና እንቅልፍ አጣሁ። ወንበር መፈለግ ጀመርኩ። ሦስት ያስፈልገኛል፦ አንድ ለአባቴ፣ አንድ ለአጎቱ፣ አንድ ለእጮኛዬ። በእነሱ በኩል የሚናገረው አጎቱ ብቻ ነበር። "አጎቴ ከመጣ ሁሉም መጣ ማለት ነው" ብሎኛል። የእኔ ቦታ እንደ ወጉ ከመጋረጃው ኋላ ነው፤ ወንበር አያስፈልገኝም።

የመጀመሪያውን ያገኘሁት ከአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። አዲሶቹ ሲገቡ አሮጌዎቹን አውጥተው ግቢው ውስጥ ቆልለዋቸው ነበር። ዝናብም ፀሐይም ሲፈራረቅባቸው ከርሟል። ለሠራተኛ ይሸጣል የሚል ማስታወቂያ ለጥፈው ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ቁልሉ ላይ ስወጣ አይቶ፣ "መምህርት፣ እባብ ይነድፍሻል! ማገዶ ከፈለግሽ ማገዶ አለ" አለኝ። አልሰማሁትም። አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። አብዛኞቹን ምስጥ ከሥር በልቷቸው ከላይ ቀለማቸው ብቻ ቀርቷል፤ በጣቴ ስጫናቸው እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈርሳሉ። ከታች፣ የሁሉንም ክብደት ተሸክሞ የተቀመጠው ግን አልተነካም። ባለ እጀታ፣ ሰፊ፣ ከባድ ወንበር። አንድም ሚስማር የለበትም፤ እግሩ ተጠርቦ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ በእንጨት ሽብልቅ ተይዟል። የእጀታዎቹ ጫፍ ስንት ሹም በመዳፉ ሲያሻሸው ኖሮ እንደ መስተዋት ያበራል። በቀኝ በኩል የቀለም ጠብታ አለ። ተቀምጬበት ግራና ቀኝ ተወዛወዝኩ፤ ድምፅ የለም። ጨዋ ወንበር ነው። ይህ ለአጎቱ ይሁን አልኩ። ከሦስቱም ትልቁን ለእሳቸው የሰጠሁት፣ ደገኞች ዝቅ አድርገው አዩን እንዳይሉ ፈርቼ ነው።

ሁለተኛውን ፍለጋ ኢታንግ ድረስ ሄድኩ። የሥራ ባልደረባዬ እዚያ አንዲት አሮጊት ቤት የመርከብ ወንበር አይቻለሁ ብሎኝ፣ እህል የሚጭን መኪና ለምኜ ተሳፈርኩ። በክረምት ባሮ ሲሞላ መርከብ በወንዙ ይመጣ በነበረበት ዘመን፣ የሴትየዋ ባል ወደቡ ላይ ይሠራ ነበር። ወንበሩ የሚታጠፍ ነው፤ ሸራ ተወጥሮበታል፤ እንጨቱ የማላውቀው፣ ቢጫ ወደ ቡኒ የሚያደላ፣ ምስጥ አጠገቡ የማይደርስ። እሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ወንበሩ ላይ ድስት አስቀምጠውበታል። ጎረቤታቸው እያስተረጎመችልን ለመንኳቸው። "አልሸጥም" አሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። ለምን እንደፈለግኩት ነገርኳቸው፤ አባቴ እንደሚመጣ፣ ምን ሊጠየቅ እንደሚመጣም ሳልደብቅ። ድስታቸውን አነሱ። "ሰው የሚቀመጥበት ከሆነ ውሰጂው፤ ዕቃ ማስቀመጫ ከሆነ ግን እኔም ድስት አለኝ" አሉኝ። ሸራው መሐሉ ላይ የሰው ጀርባ ቅርፅ ይዞ ረግቦ ነበር። ልቀይረው አሰብኩና ተውኩት። ይህ ለአባቴ።

ሦስተኛው ጊዜ አጥሮኝ ከገበያ የገዛሁት ነው። ሻጩ፣ "ድሮ እዚህ የነበረው የእንግሊዞቹ ንግድ ቤት ዕቃ ነው፤ አያቴ ነው ከዚያ ያወጣው" ብሎ ማለልኝ። ጥቁር ቡኒ፣ ቀጭን፣ ዘመን የጠገበ ይመስላል። ገለበጥኩት፤ ከሥሩም ጠቁሯል። ተቻኩዬ ነበር፤ አላሸተትኩትም።

አባቴ በአውሮፕላን መጣ። እጮኛዬ የዚያን ቀን ሥራ ላይ ነበር። ከአውሮፕላኑ ዕቃ ሲያወርድ አንድ ሽበታም ሰው የመሣሪያ ሣጥኑን አልሰጥም ብሎ ሲከራከር አገኘው። አባቴ መጋዙን፣ መሮውንና መላጊያውን ይዞ ነበር የመጣው፤ ለምን እንዳመጣው እስከ ዛሬ አላውቅም። እጮኛዬ ሣጥኑን በሁለት እጁ ተቀብሎ እስከ መውጫው ተሸከመለት። አባቴ ማን እንደሆነ አላወቀም፤ "ተባረክ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ይብዛልን" አለው። እጮኛዬ በማግስቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ፣ "አባትሽ መረቀኝ፤ እኛ ጨርሰናል" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አባቴ ለማንም ሣጥን ለተሸከመ ይመርቃል።

ቀጠሮው እሑድ ከሰዓት ነበር። ሁሉም ከየቤተ ክርስቲያኑ ተመልሶ፣ ምሳም አልቆ። ከጠዋት ጀምሮ ወንበሮቹን በረንዳው ላይ ሳመላልስ ዋልኩ። የአጎቱን ከማንጎው ጥላ በኩል፣ የአባቴን ነፋስ በሚመጣበት፣ የእጮኛዬን ዝቅ ብሎ ወደ ደረጃው። ትንሽ ቆሜ አየሁና እንደገና አዛወርኳቸው። እስከዚያ ቀን ጎረቤት አስቀምጫቸው ነበር፤ አባቴም ጓሮ ሆኖ መላጊያውን ይስል ስለነበር ገና አላያቸውም። ስለ ወንበር ይህን ያህል ሳስብ አንድ ነገር ከናካቴው ረሳሁ። ሽማግሌ መቆም እንዳለበት ለእጮኛዬ አልነገርኩትም። ለእኔ እንደ መተንፈስ ያለ ነገር ስለሆነ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። እሱም በበኩሉ ስለ አጎቱ አንድ ነገር አልነገረኝም፤ ለእሱም ያው እንደ መተንፈስ ነው።

መጡ። አጎቱ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የቆለፉ ሰው ናቸው። ብብታቸው ሥር ትንሽ ጥቁር ነገር ይዘዋል፤ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ መጽሐፍ ቅዱስ መሰለኝ። አባቴን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ከዚያ ያን ስንት ሹም የተቀመጠበትን ወንበር አልፈውት ሄዱ። ብብታቸው ሥር የያዙትን አወጡ። በርጩማ ነው፤ ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ፣ ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ። ሲሚንቶው ላይ አስቀመጡት፣ ተቀመጡበት፣ ረጃጅም እግሮቻቸውን ዘረጉ፣ "እሺ። እኔ ተቀምጫለሁ። አሁን እናውራ" አሉ።

ልጅ ሊጠይቁ መጥተው፣ ማንም ተቀመጡ ሳይላቸው ተቀመጡ። የተዘጋጀላቸውንም ወንበር ትተው። አባቴ እንደቆመ ቀረ። የአንገቱ ሥር ሲወጠር ከመጋረጃው ኋላ ታየኝ።

"ለእርስዎ የተዘጋጀው እኮ ያ ነው" አለ አባቴ፣ ትልቁን ወንበር እያሳየ። ድምፁ ጨዋ ነበር፤ ግን ያ ድምፅ የማይረባ እንጨት ለነጋዴ ሊያስመልስ ሲል የሚያወጣው ድምፅ ነው።

እጮኛዬ ነገሩን ያበረደ መስሎት፣ "አጎቴ የሰው ወንበር ላይ አይቀመጥም" አለ።

"የሰው?" አለ አባቴ። "የልጄ ወንበር ነው። የልጄ ወንበር የሰው ከሆነባችሁ ምን ልትጠይቁኝ መጣችሁ?"

ኮፍያውን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አነሳ። እኔ የመጋረጃውን ጫፍ ጨብጬ ቀረሁ፤ ወጥቼ ልናገር ብል ወጉን እኔም ማፍረሴ ነው፣ ዝም ብል አባቴ መሄዱ ነው። ወደ ደረጃው ሁለት እርምጃ ሄደ። እዚያ ሲደርስ በአጎቱ አጠገብ ማለፍ ነበረበት፤ ሲያልፍም እንደ ልማዱ ዓይኑ ዝቅ አለ። ቆመ።

"ሚስማር የለውም" አለ፣ ለራሱ።

"የለውም" አሉ አጎቱ።

"ኮላስ?"

"የለውም። አንድ እንጨት ነው።"

አባቴ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ጎንበስ አለ። "ምን እንጨት ነው?" አጎቱ በራሳቸው ቋንቋ ስሙን ነገሩት። አባቴ ያን ስም ሰምቶት አያውቅም፤ ይህ ደግሞ ለእሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ዋንዛውን፣ ዝግባውን፣ ቀረሮውን፣ ወይራውን ዓይኑን ጨፍኖ አሽትቶ የሚለይ ሰው ነው። ስሙን የማያውቀው እንጨት ስልሳ ዓመት ካለፈው በኋላ እዚህ አገኘው። ኮፍያውን መልሶ ደፉ ላይ አኖረው።

"ቢፈቅዱልኝ አይቼው እመልሳለሁ" አለ።

አጎቱ የበርጩማውን ጠርዝ በእጃቸው ያዙ። እጮኛዬ በኋላ እንደነገረኝ፣ ያ በርጩማ ከአጎቱ እጅ ሲወጣ ከዚያ ቀን በፊት አይቶ አያውቅም። ቀን ይቀመጡበታል፣ ማታ ይንተራሱታል፣ ሩቅ ገጠር፣ ጎግ ወረዳም ቢሄዱ ይዘውት ይሄዳሉ። የእሳቸው ነው፤ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም፤ እሳቸውም የሌላ ሰው ላይ አይቀመጡም። ከትዕቢት አልነበረም። አጎቱ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ተነሱ። በርጩማውን ሰጡት።

አባቴ ገለበጠው። አሸተተው። አውራ ጣቱን በእግሮቹ መሐል አሳለፈ። ራስ የሚያርፍበትን ጎድጎድ ያለ ቦታ ዳበሰ። አጎቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ፤ ቆመው ደግሞ መናገር ጀመሩ። እሳቸው የሚያውቁት በርጩማቸው ሰው እጅ ላይ ስለሆነ መቆማቸውን ብቻ ነው። እኔ ግን ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ የማየው በእኛ ወግ እንደሚገባው የቆመ ሽማግሌ ነው።

"ይህ ልጅ የወንድሜ ልጅ ነው" አሉ። "ወንድሜ ሞቷል። እኔ አሳደግኩት። ልጅህን ይፈልጋል። ልጅህም ትፈልገዋለች ይላል። አንተ አባት ነህ፣ አንተ ተናገር።"

አባቴን "አንተ" የሚለው ሰው ከጠፋ ዓመታት አልፎ ነበር። አልተቆጣም። የሰማም አልመሰለኝም፤ ጣቱ በርጩማው ሥር አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። ስንጥቅ ነው። በጠባብ ጠባብ ቀዳዳ፣ በቀጭን ሽቦ፣ አራት ቦታ ላይ ተሰፍቷል።

"ይህን ማን ሰበረው?"

"እሱ" አሉ አጎቱ፣ በአገጫቸው ወደ እጮኛዬ እያመለከቱ። "ትንሽ ልጅ ነበረ። ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ጣለው። ይህ የአባቴ ሥራ ነው፤ አባቴ ሞቷል፤ ሌላ አይሠራልኝም።"

"መቱት?"

"አልመታሁም። አለቀሰ፤ እሱ ራሱ ብዙ አለቀሰ። እኔ ሰፋሁት።"

አባቴ ስፌቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ጥብቅ ያለ፣ ሥርዓት ያለው ስፌት ነበር፤ የሽቦው ጫፍ ማንንም እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ቀና ብሎ እጮኛዬን አየው፤ ያኔ ሣጥኑን የተሸከመለት ልጅ መሆኑን ለየው መሰለኝ፣ ቅንድቡ ከፍ አለ። ከዚያ የታመመ ጉልበቱን እያቃሰተ አጠፈና በርጩማውን ከአጎቱ ኋላ አስቀመጠ። ሲሚንቶው ወጣ ገባ ስለነበር ዙሪያውን ነካ ነካ አድርጎ የማይወዛወዝበትን ቦታ ፈለገለት። ሲያገኘው ተነሣ።

"ይቀመጡ" አለ።

አጎቱ ተቀመጡ። ለእሳቸው ንብረታቸው ተመለሰላቸው፤ ሌላ ምንም አልሆነም። እጮኛዬ መልሱን እየጠበቀ አባቴን ያያል። እኔ ግን ቃሏን አውቃታለሁ። ከጎኔ እናቴ የለችም፤ እልል የሚልልኝ ሰው በቤቱ ውስጥ የለም። ምን ያድርጉኝ፣ ራሴው እልል አልኩ። ሙሽራ ለራሷ እልል ስትል የሰማ ካለ ይንገረኝ። ድምፄ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ተቀየረብኝ። እጮኛዬ መጋረጃውን ገልጦ፣ "ምን ሆንሽ? ምን አለ?" አለኝ።

"ይቀመጡ አለ" አልኩት።

"እኮ፣ ይቀመጡ ነው ያለው።"

"እሱ ነው እኮ!" ብዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ አባቴ ፊቱን ወደ ማንጎው አዞረልን።

እስከ ምሽት ድረስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ እንጨት ሲያወሩ ዋሉ። አባቴ በርጩማውን በደንብ ለማየት ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ እጮኛዬ ትልልቆቹ ዝቅ ብለው እሱ ከፍ ማለት አፍሮ አጠገባቸው ቆመ። ስንት የደከምኩባቸው ሦስት ወንበሮች ማንም ሳይቀመጥባቸው መሸ። ብርጭቆ ሳነሳ አየኋቸውና ሳቄ መጣ።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ አባቴ በረንዳው ላይ ወንበሮቹን ገልብጦ ደርድሯቸዋል። ትልቁን፣ "ይህን የሠራው ሰው እጁ ይባረክ" አለ። የገበያውን በምራቁ ባራሰው ጣቱ አሸት አድርጎ አሳየኝ፤ ጣቱ ቡኒ ሆኗል። "የጫማ ቀለም ነው ልጄ። ይህ ወንበር ካንቺ በዕድሜ ያንሳል" አለኝ። አፈርኩ። ከዚያ የመርከቡን ወንበር ዘረጋና ገባበት። ጀርባው የሞቱት ሰውዬ ጀርባ ካረገበው ሸራ ጋር ተስማማ፤ ዓይኑን ጨፈነ። የኢታንጓ እናት በዓይኔ መጡብኝ። አባቴ እስኪሄድ ድረስ በየጠዋቱ እዚያ ላይ ተቀመጠ፤ ለሴትየዋም ሰው ልኬ አስነገርኳቸው።

የመጀመሪያ ልጃችንን ሊያይ ሲመጣ፣ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ብብቱ ሥር አንድ ነገር ይዞ ነበር። በርጩማ ነው፤ ከአንድ የዋንዛ እንጨት ራሱ የፈለፈለው። እንደ ጅማ በርጩማ ባለ ሦስት እግር፣ ቁመቱ ግን እንደ አጎቱ ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ። ባለቤቴ ሊሸከምለት ሲቀበለው፣ "በጥንቃቄ፤ አንተ በርጩማ ላይ ታሪክ አለህ" አለው። ቤት እንደደረሰ ሕፃኑን ሳመ፣ ወንበሮቼን አልፏቸው ሄደ፣ ማንጎው ሥር ከአጎቱ ጎን አስቀምጦ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው፣ አንዱ የሌላው በርጩማ ላይ ሳይቀመጥ፣ ስንት ከሰዓት በኋላ እንዳሳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። አባቴም ከጊዜ በኋላ አጎቱን "አንተ" ማለት ጀመረ።

አሁን ሁለቱም የሉም። አጎቱ ቀድመው ሄዱ፤ አባቴ ሁለት ክረምት ቆይቶ ተከተላቸው። በርጩማዎቹ ሳሎኔ ውስጥ ከአሮጌ ወንበሮቼ መሐል ናቸው፤ ሰው አይቀመጥባቸውም፤ ልጆቼም ሳይነገራቸው ያውቃሉ። የአባቴን በርጩማ እሱ በሕይወት እያለ ገልብጬው አላውቅም ነበር፤ የራሱን ሥራ በፊቱ መገልበጥ ድፍረት ይመስለኝ ነበር። ለቅሶው አልቆ ከጅማ ይዤው የተመለስኩ ቀን በረንዳው ላይ ገለበጥኩት። ከሥሩ በቀጭን ሽቦ፣ አራት ቦታ ላይ ተሰፍቷል። የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ስንጥቁን በጣቴ ፈለግኩ፣ ወደ ብርሃን አውጥቼም ፈለግኩ። እንጨቱ ደህና ነው፤ የትም ቦታ አልተሰነጠቀም።